ረግረጉ ውስጥ የገቡት ፈረሰኞች

በዚያ ቤት ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ የሚበላው በቁም ነው። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከአርብ አመሻሽ ጀምሮ ነጭ አንሶላ ይዘረጋበታል። ከአንሶላው ሥር ኮረብታ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ድልድይ አለ፤ አውራ ጣት የሚያህሉ ወታደሮች የወደቁት እንደወደቁ፣ የቆሙትም እንደቆሙ ያድራሉ። አንሶላውን መግለጥ ቀርቶ ጠረጴዛውን በክርን መንካት ነውር ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ወጥ ቤት ውስጥ ተፋፍጎ፣ አንዱ የዕቃ ማጠቢያውን ተደግፎ፣ አንዱ በሩ ላይ ቆሞ፣ ትንሿ ልጅ ደግሞ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ሻይና ዳቦውን ይጨርሳል። እንግዳ ሰው ቢያይ «እነዚህ ሰዎች ጠረጴዛ የላቸውም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። አላቸው፤ ያውም ስምንት ሰው የሚያስቀምጥ። ግን ጠረጴዛው ነጻ የሚወጣው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ምርመራው ሲያልቅ ብቻ ነው።

«ምርመራ» የሚሉት አባባ ናቸው። አባባ የቤቱ ጌታ ናቸው፤ ከጓሮ የምትኖረው፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምትሠራው ምራታቸው ደግሞ ጥርስ ሠሪዋ ናት። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለኢንሹራንስ ድርጅት የተጋጨ መኪና ሲመረምሩ ስለኖሩ ሰፈሩ ከስማቸው ይልቅ «መርማሪው» እያለ ነው የሚያውቃቸው። የተጨረማመተ ፓራፋንጎ አይተው ማን ከየት እንደመጣ፣ ማን መሪ ላይ እንዳንቀላፋ፣ ማን እንደዋሸ ይናገራሉ ይባላል። ልጆቻቸው ገና ትንንሽ ሳሉ ከአንድ የተቃጠለ የመጫወቻ መደብር የተረፈውን ሳጥን በርካሽ ገዝተው፣ ውስጡ የድንጋይ ሰዎች፣ አጽሞች፣ ጠንቋዮችና አንድ ዘንዶ ካገኙ ወዲህ ግን ሌላ ሱስ ያዛቸው። ጨዋታው በሜትርና ነጥብ በተቀረጸበት ባለ ስድስት ገጽ ጠጠር፣ በዳይስ፣ የሚካሄድ ውጊያ ነው፤ ማን ምን ያህል እንደሚራመድ ሜትሩ ይለካል፣ ማን እንደሚሞት ዳይሱ ይወስናል። አርብ ይዋጋሉ፤ ቅዳሜ ደግሞ አንሶላውን እንደ አደጋ ቦታ ገልጠው፣ ከአሮጌ መኪና የተነቀለ አንቴና በእጃቸው ይዘው፣ እያንዳንዱ እርምጃ ለምን እንደተወሰደ ይጠይቃሉ። ለእሳቸው ውጊያው ሰበብ ነው፤ ዋናው ነገር ምርመራው ነው።

ዛሬ አባባ ወጥ ቤት ብቅ አላሉም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንቁላላቸውን እየላጡ፣ የትናንቱን ለማውራት አፋቸውን እየበላቸው፣ «ቆይ፣ ከሰዓት» እያሉ ራሳቸውን ሲገስጹ ነበር የሚታዩት። ዛሬ ግን አንሶላ የለበሰው ጠረጴዛ ፊት ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው እማማ ሻዩን ሊለውጡላቸው ሄደው ሙሉውን ስኒ እንደያዙ ተመለሱ፤ ምንም ሳይናገሩ ማጠቢያው ውስጥ ደፉት። እማማ ድሮም ምንም አይናገሩም። ጥርስ ሠሪዋ የቀረውን ዳቦዋን በላስቲክ ጠቀለለች። ልጇን ሚጢጢን ጫማ አስራላት በኮሪደሩ ልትወጣ ስትል አባባ ዞር ሳይሉ፣ «ዛሬ በጊዜ ነይ» አሉ። አንገቷን ነቅንቃ ወጣች፣ እሳቸው ግን አላዩአትም።

ነገሩ ይህ ነው፤ ትናንት አባባ ተሸነፉ።

ሌላ ቤት ቢሆን ያስቃል። በዚህ ቤት ግን አባባን አሸንፎ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አሁን እዚህ ቤት የለም። የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ቤተሰቡ «ትልቅየው» የሚለው፣ ከጓሮ ባሉት ሁለት ክፍሎች ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። አንድ አርብ አሸነፈ። ቅዳሜ በሩ ተዘግቶ ምርመራው ተካሄደ። በሚቀጥለው ሳምንት አልጋና ቁምሳጥኑን በአይሱዙ ጭኖ ወደ ከተማው ዳር ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ደጁን ረግጦ አያውቅም። ለምን ተብሎ አልተጠየቀም፤ በዚህ ቤት የሚጠይቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ታናሽየው፣ የጥርስ ሠሪዋ ባል፣ አግብቶ ክፍሎቹ ሲሰጡት ለሙሽራዋ ያላት አንድ ነገር ነበር፤ «ሌላው ይቅር፤ አደራሽን፣ አባባን እንዳታሸንፊ።» እሱ ራሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሸነፍ ነው ያደገው። ከዚያ የሚሠራበት የመንገድ ሥራ ድርጅት ራቅ አድርጎ ወደ በረሃ ላከውና ሽንፈቱን ለሚስቱ አውርሶ ሄደ።

እሷ ወደ ጠረጴዛው የቀረበችው በዘንዶው ክንፍ ሰበብ ነበር። ሚጢጢ ዳዴ በምትልበት ዕድሜ ጎትታ ስትሰብረው ጥርስ ሠሪዋ በድንጋጤ ይዛው ወደ ሥራ ቦታዋ ሮጠች፤ የሰው ሠራሽ ድድ በሚሠራበት ሮዝ ማጣበቂያ ቀጥላ፣ ሞርዳ፣ አለስልሳ መለሰችው። አባባ ስብራቱን በአጉሊ መነጽር ካዩ በኋላ፣ «ይህ እጅ ዳይስ መወርወር አለበት» ብለው ፈረዱባት። ዘንዶው ከዚያ ወዲህ አንድ ክንፉ አረንጓዴ፣ አንዱ የድድ ቀለም ነው። እሷም በየአርቡ ትሸነፋለች። ከጓሮ ያሉት ክፍሎች ጣሪያቸው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳቸው በዝናብ ጊዜ የሚያልበው ቢሆንም ከልጇ ትምህርት ቤት መንገድ መሻገር ብቻ ነው የሚያራርቃቸው። በዚህ ከተማ አንድ ጠባብ ክፍል ከጋራ መጸዳጃ ጋር የሚጠየቅበት ኪራይ የእሷን ደመወዝ ውጦ ላዩ ላይ ውሃ የሚጠጣበት ነው። ባሏ የሚልከው ደግሞ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ሰበቡ ብቻ ይመጣል። እነዚያን ክፍሎች ካጣች ልጇን ይዛ የምትገባበት የላትም። ይህን ሳታስብ የተኛችበት ሌሊት የለም።

መሸነፍ ቀላል የሚመስለው ሞክሮት ለማያውቅ ሰው ነው። በተለይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሸት ሲያሸቱ በኖሩ ሰው ፊት መሸነፍ ሙያ ይጠይቃል። ጥፋቱ ትንሽ መሆን አለበት፣ በየጊዜው መለዋወጥ አለበት፣ ቅዳሜ ሲጠየቁ የሚመልሱት ምክንያትም አብሮት መዘጋጀት አለበት። ጥርስ ሠሪዋ በዚህ ተክናበት ነበር። ትናንት ግን ሳምንቱን ሙሉ ለአንድ የአዛውንቶች መጦሪያ ጥርስ ስትሠራ ስለከረመች ዓይኗ እየተከደነ ነበር። ቶሎ ልሸነፍና ልተኛ አለች። ፈረሰኞቿን በሙሉ ከአረንጓዴ ከፈይ የተቆረጠው ረግረግ ውስጥ አስገባቻቸው፤ ረግረግ የገባ ፈረስ መራመድ ያቅተዋል፣ ዘንዶው መጥቶ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። እግረኛ አጽሞቿን ደግሞ ድልድዩ ላይ ጀርባቸውን ለጠላት ሰጥታ አቆመቻቸው። ይብሉ ብላ አቅርባ ነበር እንግዲህ።

የአባባ እጅ ዘንዶው ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። «ምን አስበሽ ነው አንቺ?» አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ረግረጉን አዩ፣ ድልድዩን አዩ፣ እሷን አዩ። ከዚያ ዘንዶውን ወደኋላ መለሱት። በሚቀጥለው ዙር የድንጋይ ሰዎቹንም ግንባቸውን ይጠብቁ ብለው አሸሿቸው። እሷ በየዙሩ የባሰ ጥፋት አጠፋች፤ እሳቸው በየዙሩ በባሰ ጥንቃቄ ሸሹ። የጨዋታው ሕግ፣ የመጨረሻው ዙር ሲያልቅ ድልድዩ ላይ የቆመ አሸነፈ ይላል። ዙሩ አለቀ። ድልድዩ ላይ ጀርባቸውን የሰጡት አጽሞች ዝንብ እንኳ ሳይነካቸው ቆመዋል። አባባ አንሶላውን አንስተው ጎንበስ ብለው ዘረጉት።

የጥርስ መሥሪያ ቤቱ ከአንድ ጫማ መሸጫ በላይ ነው፤ ደረጃው ጠባብ፣ መስኮቱ አንድ፣ ሽታው የተቃጠለ ሰምና ጀሶ። አብሯት የሚሠራው፣ ጀሶ እየበጠበጠ የሰው አፍ ቅርጽ የሚያወጣው ሰውዬ ራሱ «ጀሶ» ነው የሚባለው፤ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው። ፊቷን አይቶ ምን ሆነሻል አላት፤ ነገረችው። ጀሶ ሳቁ እስኪያልቅ ጠረጴዛውን ያዘ። «ሰው ሲሸነፍ ያለቅሳል፤ አንቺ አሸንፈሽ ታለቅሻለሽ። ዕድል ነው በያቸዋ!» አለ። እንዲህ ቀላል ቢሆን ምን ነበረበት። ትናንት ዳይስ የተወረወረው ከስንት አንዴ ነው፤ ስድስትም አንድም የወሰነው ነገር የለም። ፈረሰኞቹን ረግረግ ውስጥ ያስገባቻቸው በገዛ እጇ ነው። «ተሳስቼ ነው» እንዳትል ደግሞ አባባ ስህተትንና ሌላውን ነገር ለይተው ያውቃሉ፤ አንዱን ክር ከሳቡት የሦስት ዓመቱ ሽንፈት ሁሉ ተተርትሮ ይወጣል ብላ ፈራች። ያሸነፈ ሰው ከቤት የሚወጣ ከሆነ፣ ሲያታልል የኖረስ ምን ይሆናል? እጇ እየሠራ ሐሳቧ እዚያ ነበር። ጀሶ መጥቶ የያዘችውን የሰም መንጋጋ ከእጇ ላይ ሲያነሳው የቀኙን ክራንቻ በግራ፣ የግራውን በቀኝ ተክላው ተገኘች። «ይህን የሚያደርገው ሽማግሌ ቀብር ላይም ሊስቅ ነው» አለና ሰሙን መልሶ አሞቀላት።

ስልኳ የጮኸው ሊወጡ ሲሉ ነው። ባሏ ነበር፤ ከጀርባው የመንገድ መዳመጫ ይንጎራጎራል። ትናንት እንዴት ነበር አላት እንደ ልማዱ፤ አባባ በየሳምንቱ ድላቸውን የሚያበስሩት ለእሱ ነበርና ዛሬ ሳይደውሉ በመቅረታቸው ተጠራጥሯል።

«አሸነፍኩ» አለችው።

ከመዳመጫው ራቅ ሲል ኮቴው ተሰማት።

«ምን ነካሽ? አደራ አላልኩሽም?»

«ሳልፈልግ ነው።»

«ሳይፈልጉ ማሸነፍ ደግሞ አለ?» አለ፤ ድምፁ የሚቆጣ ሰው ሳይሆን የሚፈራ ልጅ ድምፅ ነበር። ጢሙ ሽበት የጀመረው ሰውዬ፣ በዚያ ሁሉ ርቀት፣ አባቱ የሰሙት ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። ወጥመድ ነበር በያቸው። አስቤበት ያጠመድኩት ነው በይ። ብልሃት ያሸነፈው ሰው ይጽናናል፤ ባዶ ነገር ያሸነፈው ሰው ግን አይጽናናም።»

አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ የአንዱን ቦርሳ ጎኗ ላይ ተሸክማ፣ ወጥመዱን መሥራት ጀመረች። ፈረሰኞቹ ማባበያ ናቸው። ዘንዶው ሊበላቸው ረግረግ ሲገባ ጠንቋይዋ ረግረጉን በረዶ ታደርገዋለች፤ ዘንዶው ይጣበቃል። አጽሞቹ ጀርባቸውን የሰጡት... አጽሞቹ ላይ ስትደርስ ፌርማታዋ ደረሰ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው እንዳይሆን እየፈራች፣ ዳቦ ገዝታ፣ ሚጢጢን ከጎረቤት ወስዳ ቤት ገባች። ልጅቷን እማማ ከእጇ ተቀብለው ወደ ወጥ ቤት ይዘዋት ሄዱ። ይህ ከዚህ በፊት ሆኖ አያውቅም።

አባባ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ድሮ ወደ አደጋ ቦታ ሲሄዱ የሚለብሱትን ካፖርት ለብሰው ጠበቋት። አንሶላው ተገልጧል። ቁጣ ስትጠብቅ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቷል፤ ይህ ደግሞ የባሰ አስፈራት።

«ተቀመጪ ልጄ፣ ተቀመጪ። ዓይኔን ሳልከድን ነው ያደርኩት። በሕይወቴ እንዲህ አድርጎ ያታለለኝ ሰው የለም። በይ ንገሪኝ፤ ረግረጉ ውስጥ ምን ነበር?»

ነገረቻቸው። ማባበያውን፣ በረዶውን፣ የሚጣበቀውን ዘንዶ ሁሉ እንደ ተማሪ በቃሏ አወረደችው። አባባ በየመሃሉ «አሃ!» ይላሉ፤ ጉልበታቸውን በእጃቸው ይመታሉ። ስንቅና ሐሰት እያደር ይቀላል ይባል የለ፤ እሷም ከጠዋት ጀምሮ የተሸከመችው ነገር እየቀለላት ሲሄድ ተሰማት። ባሏን በልቧ አመሰገነች። አባባ ከዚያ ሜትራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ከጥርጣሬ አልነበረም፤ ከደስታቸው ብዛት ወጥመዱን በዓይናቸው ሊያዩት ፈልገው ነው። ሜትሩን ከጠንቋይዋ እግር ሥር እስከ ረግረጉ ዳር ዘረጉት። ዘረጉትና ቆሙ። እንደገና ለኩ።

«አይደርስም» አሉ።

«በሚቀጥለው ዙር ይደርሳል ብዬ ነው አባባ።»

«በሚቀጥለው ዙር ፈረሰኛ የለሽም፤ ዘንዶው በልቷቸው ወጥቷል።» አንቴናውን ወደ ድልድዩ አዞሩት። «እሺ፣ እነዚህስ? ለምንድነው ጀርባቸውን የሰጡት?»

አውቶቡሱ ያቋረጣት እዚህ ላይ ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ ውሃው መፍሰሱን አቆመ። አባባ በዝግታ ዘንዶውን አንስተው ረግረጉ መሃል አስቀመጡት። ፈረሰኞቹን አንድ በአንድ በጎናቸው አጋደሙ። ከዚያ ዘንዶውን ድልድዩ ላይ አምጥተው አጽሞቹን በጣታቸው ጠረጉ። ትናንት ደፍረው ቢገቡ ኖሮ በዚሁ ያልቅ ነበር። የጠበቃቸው ምንም ነገር አልነበረም። የፊታቸው መብራት ሲጠፋ አየችው።

«ሥራ ላይ ሳለሁ» አሉ ሲቀመጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ፣ «መጀመሪያ የማየው መኪናውን አይደለም፤ አስፋልቱን ነው። የጎማ ምልክት እፈልጋለሁ። ሰው ሲፈራ ፍሬን ይይዛል፣ ፍሬን ሲይዝ ጎማው አስፋልት ላይ ይጽፋል። ምልክት ከሌለ ሹፌሩ ወይ ተኝቷል፣ ወይ መጋጨቱን ፈልጎታል። አንቺ አልተኛሽም።»

«አባባ...»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

መልስ አልጠበቁም። እሳቸው የረሱት ውጊያ የለም። አንቴናቸውን ባዶ ቦታ ላይ እየጠቆሙ ወደኋላ መቁጠር ጀመሩ። «በረዶው ኮረብታ ላይ ቀስተኞችሽን የበተንሽው?» አንገቷን ደፋች። «የተቃጠለው መንደር? ጠንቋይዋን ብቻዋን የተውሽባት?» ደፋች። «ግንቡ ሥር ሜትሩን ያሳነስሽው፤ ያን ጊዜ መነጽር ቀይሪ ብዬሽ ነበር።» ደፋች። አንገቷን በደፋች ቁጥር ሰውዬው ካፖርታቸው ውስጥ እየኮሰሱ የሚሄዱ ይመስላሉ። እሷ የምታየው ግን ካፖርቱን አልነበረም፤ አልጋዋ በአይሱዙ ላይ ተጭኖ፣ ሚጢጢ ከላዩ ተቀምጣ ነበር የምትታያት።

«ትልቅየውም እንዲህ ነው ያደረገኝ» አሉ አባባ። «ስላሸነፈኝ ያስወጣሁት ይመስላችኋል አይደል? ያሸነፈኝ ዕለት ግንባሩን ስሜዋለሁ። በማግስቱ እዚሁ ወንበር ላይ ሆኖ እየሳቀ፣ እስከ ዛሬ ሆን ብዬ ነበር የምሸነፍልዎት አለኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ! እኔ በሰው ውሸት እንጀራዬን የበላሁ ሰውዬ፣ በገዛ ቤቴ። ክፍሎቹን ልቀቅ ያልኩት ለዚያ ነው።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሦስት ዓመት ሙሉ ክፍሎቹን ለማትረፍ ያደረገችው፣ ክፍሎቹን የሚያሳጣው ያ ነገር ራሱ ኖሯል። ባሏም አያውቅም፤ የዚህ ቤት ሰው ሁሉ አንዱ የሌላውን ፊት እያየ ሲገምት ነው የኖረው። ጥርስ ሠሪዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች። አባባ ግን አልጨረሱም። አንቴናቸው አየር ላይ ቆሞ ቀረ፤ ቀጥሎ ያለውን ለመጠየቅ የፈሩ መሰሉ።

«የወንዙ ማዶስ?»

የወንዙን ማዶ ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ዘንዶውን ከኮረብታው ጀርባ አዙረው፣ ወንዙን አሻግረው፣ ጦሯን ከኋላ የደመሰሱበት ውጊያ ነው። ያን ዕለት እማማን ከወጥ ቤት ጠርተው አሳይተዋቸዋል፤ ለልጃቸው ደውለው እየደጋገሙ አውርተውለታል፤ ፀጉር አስተካካያቸው ሳይቀር ያውቀዋል።

«ያኛው የእውነት ነው አባባ።»

«እ...»

«ያኛውን በእውነት ነው ያሸነፉኝ። ልጄ ትሙት!»

አባባ መራራ ሳቅ ሳቁ። «መኪናቸውን ሆን ብለው ገደል የሰደዱ ሁሉ በልጃቸው ነው የሚምሉልኝ።» ከዚያ ቆሙና የትናንቱን ውጊያ በክንዳቸው ወደ ዳር ገፉት። ኮረብታውን አዛወሩ፣ ወንዙን አጠመዘዙ፣ አጽሞቿን፣ ቀስተኞቿን፣ ጠንቋይዋን አንድ በአንድ ያን ዕለት በነበሩበት ቦታ ደረደሩ፤ አንዱንም አልሳቱም። «እውነት ከሆነ ምክንያት አለሽ። አስረጂኝ።»

ለውሸቷ ሁሉ ምክንያት አዘጋጅታ የኖረች ሴት ለእውነቱ ያዘጋጀችው አልነበራትም። እውነቱ የሚያስፈራ ነበር። ወደ ወጥ ቤቱ በር አየች፤ እማማ እርጥብ እጃቸውን እንደያዙ ደፉ ላይ ቆመዋል። ብናገረውም ባልናገረውም መውጣቴ ነው አለች በልቧ፤ እንዲህ ስታስብ ፍርሃቷ አልቀነሰም፣ ግን ዝም የሚያሰኛት አልሆነም።

«ያን ዕለት ተናድጄ ነበር» አለች።

«በማን?»

«በእርስዎ። ሚጢጢ የሻይ ስኒ ሰብራ ነበር። ከሰዓቱን ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ አስቀምጠው መረመሯት። የት ነበር ዓይንሽ፣ እጅሽ የት ነበር፣ ድገሚው፣ እንደገና ድገሚው አሏት። አንድ ፍሬ ልጅ! ከሥራ ስገባ ልብሷ ላይ ሸንታ፣ እርጥቡ ላይ ተቀምጣ ነው ያገኘኋት። አጥቤያት፣ አስተኝቻት ነው ወደ ጠረጴዛው የመጣሁት። ክፍሉም ገደል ይግባ ብዬ ነበር። ዘንዶዎን ገድዬ፣ ከድንጋይ ሰዎችዎ አንድ ሳላስቀር ልጨርስዎት ነበር የፈለግሁት።»

በሩ ላይ እማማ ትንፋሻቸውን ሳቡ። ጥርስ ሠሪዋ ግን ማቆም አልቻለችም፤ አንቴናውን ከእጃቸው ተቀበለቻቸው፤ እንዴት እንደደፈረች ኋላም አልገባትም። ቀስተኞቿን መሻገሪያው ላይ ያደረገችው የድንጋይ ሰዎቹ ውሃ ውስጥ ሲዘገዩ ለመልቀም ነው። ጠንቋይዋን ከድንጋዩ ጀርባ የደበቀችው ዘንዶው በግራ እንዲመጣ ለማስገደድ ነው። ፈረሰኞቿን የያዘቻቸው ለመጨረሻው ዙር ነው። አባባ ሜትራቸውን ይዘው ይከተሏታል፤ ይለካሉ፣ «ልክ ነው» ይላሉ፤ ይለካሉ፣ «ይደርሳል» ይላሉ። ስለ ስኒው፣ ስለ ልጅቷ አንድም ቃል አልተነፈሱም። በመጨረሻ የቀስተኞቹን ቦታ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይኸው የጎማው ምልክት» አሉ በሹክሹክታ። «ይኸው። ፍሬን ይዘሻል።»

«ይዣለሁ።»

«ታዲያ እንዴት አሸነፍኩሽ?»

«ዘንዶውን በኮረብታው ጀርባ ያዞሩታል ብዬ አላሰብኩም።»

«አላሰብሽም?»

«ፈጽሞ አላሰብኩም፣ አባባ።»

ሰውዬው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ከንፈራቸው ግን ይስቃል። ይህ ደስታ ከቅድሙም ይበልጥ አስፈራት። «ለባልሽ ደውዪለት» አሉ። «ሌላው ሁሉ ውሸት ነው፣ አንዷን ግን አባትህ በእውነት አሸንፏል በይው።» ተነስተው ካፖርታቸውን ማውለቅ ጀመሩ፤ እጅጌው ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው አዩአት። «አንድ ነገር ልንገርሽ። በሚመጣው አርብ እንደዚያን ቀን ሆነሽ ነይ።»

«እሺ አባባ።»

ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ፤ በር ሲዘጋ ተሰማ። ጥርስ ሠሪዋ ወታደሮቹን ወደ ሳጥናቸው መለሰች። አልተባረረችም። ይህን ለራሷ ደጋግማ ነገረችው። እማማ ደፉን ተሻግረው መጡና የአንሶላውን አንድ ጫፍ አነሱ፤ ሌላውን እሷ ያዘች። ጫፍ ለጫፍ አገናኝተው ሲያጥፉት ሁለቱ ሴቶች በጣም ተቀራረቡ።

«አርብ ታሸንፊዋለሽ?» አሉ እማማ፣ በሩን እያዩ።

ጥርስ ሠሪዋ አሰበች። ከዚያ በኋላ ያለውን አርብም አሰበች፤ ከዚያም ቀጥሎ ያለውን። የሰውዬውን አካሄድ እንደ ገዛ ጥርሷ ታውቀዋለች።

«አሸንፋለሁ፣ እማማ።»

እማማ አንሶላውን ደረታቸው ላይ አቀፉት። አርባ ዓመት አብረውት የኖሩትን ሰው ከእሷ ይበልጥ እንደሚያውቁት፣ በየአርቡ መሸነፍንም እንደማይችለው ፊታቸው ይናገር ነበር።

«እንግዲያው ዕቃሽን ቀስ እያልሽ ሸክፊ» አሉና ዳቦውን ሊያቀርቡ ወደ ወጥ ቤት ተመለሱ።